ለሦስት ቀን ጉዞ ስንት ቢላዋ ይበቃል?

አንድ ጊዜ አራት እንስሳት ለሦስት ቀን ጉዞ ስንት ቢላዋ መያዝ እንዳለባቸው ለመወሰን ተሰብስበው አራት ቀን ፈጀባቸው።

ስብሰባው ከተራራው ወገብ ላይ ካለው ሾላ ሥር ነበር። ሰብሳቢው አያ አንበሶ ነው፤ ሌላ ሰብሳቢ የጠቆመ አልነበረም፣ ጠቁሞ የሚያውቅም የለም። በቀኙ አያ ጅቦ፣ በግራው እመት ቀበሮ ተቀምጠዋል። እመት አህዪት ቆማለች። እንድትቀመጥ የጋበዛት አልነበረም።

ጉዞው በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ የሚደረግ ነው። አራቱም ተራራውን ወርደው ከቆላው ወንዝ ዳር ድንኳን ይተክላሉ። አያ አንበሶ ጎሽ ይጥላል፣ ሥጋ በሎቹ በቅርጫ ይካፈላሉ፣ እመት አህዪት ደግሞ ከወንዙ ዳር ለምለም ሣር ትግጣለች። ቅርጫው እንደማንኛውም ቅርጫ ነው፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረደራል፣ ዕጣ ይወጣል። ሰዎች ለዕጣ ምልክት እንጨት ወይም ጠጠር ይሰጣሉ፤ እነዚህ ግን ቢላዋቸውን ነው የሚሰጡት። ስንት ቢላዋ ከቀረበ ያን ያህል መደብ ይሠራል። ከዚያ ዓይኑ የታሰረ ገለልተኛ ወገን ቢላዋዎቹን እያነሳ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ቢላዋህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው። ገለልተኛዋ ወገን ሁልጊዜ እመት አህዪት ናት፤ ሥጋ አትበላም።

«አንበሳና ጅብ ጥርስ እያላቸው ቢላዋ ምን ይሠራላቸዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድሮ በጥርስ ነበር የሚበላው። አንድ ዓመት ግን አያ ጅቦ ሽንጥ ሲዘነጥል የእመት ቀበሮን የጅራት ጫፍ አብሮ ዘነጠለ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ጫፉን ግን አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ በቢላዋ ይበላ ተባለ።

ጉዞው ሌላ ሕግም ነበረው። ሕጉ የወጣው በአንድ የረሃብ ዘመን ነው፤ ረሃቡ ሲያልፍ የሻረው ሰው አልተገኘም። «በመንገድ ላይ ወድቆ መነሳት ያቃተው እዚያው ይታረዳል፣ እዚያው ይከፋፈላል» ይላል። የማንም ስም አልተጠቀሰበትም። በጉዞው ላይ ጭነት የሚሸከመው ግን አንድ ብቻ ነው።

እመት አህዪት ይህን ሕግ በቃሏ ታውቀዋለች። አምና ወገብ ሰባሪ ከሚባለው ቁልቁለት ላይ ጉልበቷ ሁለቴ ከድቷት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አያ ጅቦ ከኋላዋ ሆኖ «አይዞሽ፣ ደክሞሽ ከሆነ ተኚ» ሲላት ሰምታለች። ዘንድሮ ደግሞ ጀርባዋ ላይ የወጣው ቁስል ገና በቅጡ አልዳነም። አንድ ፍሬ ነገር ከተጨመረባት ወገብ ሰባሪን ወርዳ እንደማትጨርሰው ገብቷታል። ስለዚህ ሌሎቹ ስለ ቢላዋ ሲያወሩ እሷ ስለ ሕይወቷ ነበር የምትሰማው።

«እንግዲህ» አለ አያ አንበሶ በመጀመሪያው ቀን፣ «ድንኳን አለ፣ ድስት አለ፣ አሞሌ ጨው አለ፣ አዋዜ አለ። የቀረን ቢላዋ ነው። ስንት ይበቃል?»

«አንድ» አለች እመት አህዪት።

ማንም አልሰማትም። ድምፅዋ ዝቅ ስላለ አልነበረም።

«ሰባት» አለ አያ ጅቦ።

«ለምን ሰባት?»

«አንዱ ለቆዳ መግፈፊያ። አንዱ ለሥጋ። አንዱ ለጉበት፤ ጉበት በሥጋ ቢላዋ ከተቆረጠ ይቀየማል። አንዱ ለቅልጥም።»

«ቅልጥም በቢላዋ አይሰበርም፤ ቢላዋው ነው የሚሰበረው» አለች እመት ቀበሮ።

«አየሽ? ለዚህ ነው አምስተኛው።»

«ስድስተኛውስ?»

«አምስተኛው ቢጠፋ።»

«ሰባተኛውስ?»

አያ ጅቦ አሰበ። ሲያስብ ከፊቱ ይታወቅበታል፤ ሲያበቃም እንደዚያው። «ሰባተኛው» አለ፣ «እንግዳ ቢመጣ።»

እውነቱ ሌላ ነበር። አምና ለአያ ጅቦ የደረሰው ሳንባና ጨጓራ የበዛበት መደብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይህንን ሲያብላላ ከረመና በመጨረሻ አንድ ነገር በራለት። አንድ ቢላዋ ያለው አንድ መደብ ያገኛል። ሰባት ቢላዋ ያለው ደግሞ፣ እዚህ ላይ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። የአንድ እግሩ ጣቶች አራት ብቻ ስለሆኑ ሁለተኛውን የፊት እግሩንም አነሳ፤ በአፍንጫው ሊደፋ ምንም አልቀረውም። ሰባት! ይህን ከእሱ በፊት ማንም ያላሰበው ለምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም።

በሁለተኛው ቀን የአያ ጅቦ ሐሳብ እንደ አዲስ ተሰማ። በሦስተኛው ቀን እመት አህዪት «ቢላዋዎቹን የሚሸከመው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተባለች።

«ደግሞም ቢላዋ ክብደት የለውም» አለ አያ ጅቦ።

«ክብደት ከሌለው አንተው ያዘው፣ ወንድሜ።»

«እኔማ ስመለስ ሆዴን ተሸክሜ ነው።»

በአራተኛው ቀን አያ አንበሶ ራበው። አንበሳ ሲርበው ስብሰባ ቶሎ ያልቃል። «ሥጋ ለሚበላ አፍ አንድ አንድ ቢላዋ» አለ። «ሦስት ቢላዋ ማለት ነው። ሁሉም የራሱን በአፎቱ ከቶ በወገቡ ይታጠቅ። በቃ።»

እመት አህዪት ደስ አላት። በስብሰባ ላይ ደስ ሲላት የመጀመሪያዋ ስለሆነ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም፤ ጆሮዎቿን አራገፈች። አያ ጅቦም «ጥሩ ውሳኔ ነው፣ ጌታዬ» ብሎ ቶሎ ተስማማ። እመት ቀበሮ ይህን ስትሰማ በጎን አየችው። አያ ጅቦ ሳያለቃቅስ የተስማማበት ቀን ትዝ አላላትም።

በማግስቱ ጠዋት አያ ጅቦ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ።

«ዛሬ እኔ ልጫንሽ፣ እህቴ» አላት እመት አህዪትን። «ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትደክሚልን።»

ከጭነቱ በታች ጀርባዋ እንዳይላጥ የሚነጠፍላት ገለባ የተጠቀጠቀ ጆንያ አላት። አያ ጅቦ ጆንያውን ወደ ቁጥቋጦው ወሰደና ገለባውን ፈልፍሎ ስድስት ቢላዋ ከተተበት። ለሰባቱም የሚሆን አንድ አፎት ብቻ ስለነበረው ስድስቱ ባዶ ስለታቸውን ገቡ። ከዚያ ጆንያውን መልሶ አነጠፈላት፣ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ጨውንና አዋዜውን ጫነባት፣ ጠበቅ አድርጎ አሰረው።

እመት ቀበሮ ከድንጋይ ጀርባ ሆና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየች። ያየችውን ወዲያው የመናገር ልማድ የላትም። ዝም ብላ ወጥታ «እንደምን አደራችሁ» አለች።

ሜዳው ላይ ሳሉ ነገሩ ደህና ነበር። ወገብ ሰባሪ ሲደርሱ ግን ጭነቱ ወደ ፊት ተንሸራተተ፣ ገለባው ሸሸ፣ የቢላዋዎቹም ጫፍ በጆንያው አልፎ ብቅ ብቅ አለ። እመት አህዪት ቀጥ ብላ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ጀርባዬን የሚወጋኝ ነገር አለ።»

«ዕድሜ ነው፣ እህቴ። እኔንም ይወጋኛል።»

«አንድ ቦታ አይደለም እኮ። ብዙ ቦታ ነው።»

«ብዙ ዕድሜ ነዋ።»

እውነት ለመናገር አያ ጅቦ ቢላዋዎቹን የደበቀው እሷን ለመጣል ብሎ አልነበረም። እስከዚያ የሚያደርስ ጭንቅላት የለውም። አሁን ግን እግሯ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ሲያይ አሮጌው ሕግ ትዝ አለው። ሐሳብ ብዙ ጊዜ ስለማይመጣለት ቆም ብሎ በደንብ ተቀበለው። ሰባት ቢላዋ አለው፤ አህያዋ ደግሞ እየወደቀች ነው። ምራቁን ዋጠና ተራመደ።

ከቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ እመት አህዪት ተንበረከከች። ልትነሳ ሞከረች። ቀና ባለች ቁጥር ስድስት ቦታ ተወጋች፣ ተመልሳ ተኛች። ሦስቴ ሞከረች፣ ሦስቴ ተኛች። ከታች ወንዙ ይታያል፤ ዳርና ዳሩ ያለው ሣርም ይታያል። እዚያ ሳትደርስ መሞቷ ነው፤ ሆዷ ባባና አለቀሰች።

አያ አንበሶ ከፊት ተመልሶ መጣ።

«እመት አህዪት፣ ተነሺ እንጂ።»

«አልቻልኩም፣ ጌታዬ።»

«ሞክሪ።»

«ሞክሬያለሁ።»

አያ አንበሶ ጋማውን አከከ። በዚህች አህያ ከልቡ አዝኗል። ስምንት ዓመት ድስቱን ተሸክማለታለች፤ አንድም ቀን ሰብራበት አታውቅም።

«ሕጉ የታወቀ ነው» አለ አያ ጅቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም አዝኛለሁ። ግን ሕግ ነው።» አያ ጅቦ ሕግ ጠቅሶ አያውቅም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜው አማረበት።

«ሕግ ነው» አለ አያ አንበሶ ቀስ ብሎ። «ዕጣውን ማን ያውጣ?»

«እመት አህዪት ናታ» አለ አያ ጅቦ።

«በራሷ ሥጋ ላይ?»

«ሥጋ አትበላም፣ ጌታዬ። ገለልተኛ ናት።»

አያ አንበሶ ነገሩን ዞር ዞር አድርጎ አየው፣ ስሕተት አጣበት። እመት ቀበሮ የድስት መያዣውን ጨርቅ አምጥታ የእመት አህዪትን ዓይን አሰረች። እመት አህዪትም ሥራዋን ስለምታውቅ፣ በተኛችበት በደከመ ድምፅ «ቢላዋዎቹ ይቅረቡ» አለች። አያ አንበሶ ቢላዋውን ከወገቡ ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። እመት ቀበሮ አስቀመጠች። አያ ጅቦ አስቀመጠ።

እመት ቀበሮ ሦስቱን ቢላዋዎች አየች፣ ጭነቱንም አየች። እመት አህዪት ከሞተች ድንኳኑን እስከ ወንዙ የሚሸከም ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አንበሳ ጭነት አይሸከምም፣ ጅብ ከጠገበ በኋላ ከተኛበት አይነሳም። ስለዚህ የቀረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጣት መቁጠር አላስፈለጋትም።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለች። «ሦስት ቢላዋ፣ ሦስት መደብ። ለእኔ አንድ፣ ለአያ ጅቦም አንድ። እኩል በእኩል።»

«እኩል?» አለ አያ ጅቦ።

«ልክ እኩል። እንዲያውም እኔ ትንሽ ስለሆንኩ ይተርፈኛል። የተረፈኝን ለጉንዳን እሰጠዋለሁ።»

አያ ጅቦ ወደ ጆንያው ሰረቅ አድርጎ አየ። «መደቡ ግን» አለ፣ «በቢላዋው ቁጥር አይደል የሚሠራው?»

«በቢላዋው ቁጥር ነው» አለ አያ አንበሶ።

«ከአንድ በላይ ያለውስ?»

«ከአንድ በላይ ያለው የለም። አራት ቀን ተሰብስበን ወስነናል።»

«ቢኖረውስ?»

«ቢኖረው እንኳ» አለች እመት ቀበሮ እያዛጋች፣ «ለዕጣ እዚህ ካልቀረበ ምን ዋጋ አለው? ቤቱ አስቀምጦት ከመጣ ቀረበት፣ ምስኪን።»

«ማን ቤቱ አስቀመጠው!» አለ አያ ጅቦ። «እዚሁ ነው ያለው!»

ይህን ብሎ ወደ እመት አህዪት ሮጠ። ገመዱን ፈታ። ድንኳኑን አወረደ፣ ድስቱን አወረደ፣ ጨውንና አዋዜውን ወዲያ አለ። ከሥር ያለውን ጆንያ ጎትቶ አወጣና ገለባውን በተነው። «ሁለት» እያለ አንዱን ቢላዋ ከፊተኛው ጎን አስቀመጠ። «ሦስት… አራት… አምስት…» ስድስተኛው ላይ ቁጥሩ ጠፋበት፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ማንም አላቋረጠውም። «ሰባት!» አለ በመጨረሻ፤ ላብ አጥምቆታል። «ሰባት ቢላዋ፣ ሰባት መደብ! አሁን ዕጣው ይውጣ!»

እመት አህዪት ተነሳች።

ማንም አላገዛትም። የፊት እግሯን አቀናች፣ የኋላውን አስከተለች፣ ቆመች፣ ሰውነቷን አራገፈች። ዓይኗን ያሰረው ጨርቅ ወደቀ። ቀና ብላ ሁሉንም በተራ አየቻቸውና «ዕጣውን ማውጣት እችላለሁ» አለች፣ «ግን የሚታረደው ተነስቷል።»

አያ አንበሶ ጎንበስ ብሎ ቢላዋዎቹን አንድ በአንድ አየ። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። የስድስቱ ጫፍ ላይ ደም አለ።

«አያ ጅቦ» አለ። «እነዚህ ከየት መጡ?»

«ከጆንያው።»

«ጆንያው የት ነበር?»

«ጀርባዋ ላይ።»

«ማን ከተታቸው?»

አያ ጅቦ ወደ እመት ቀበሮ አየ። እመት ቀበሮ ወደ ወንዙ እያየች ነበር። «ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ፣ «ይህ ጥያቄ ከአጀንዳ ውጪ አይደለም?»

አያ አንበሶ አገሳ። አገሳሱ ረጅም አልነበረም፤ አያ ጅቦ ግን ጆሮው ከራሱ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ተኛ።

«ስማ» አለ አያ አንበሶ። «ይህ ሕግ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ስምንት ዓመት ከኋላዋ ሞት እየተከተላት እኔ ከፊት ከፊት ስሄድ ነበር፤ አፈርኩ። አንተ ደግሞ ጭነቱን ማን አዘዘህና አወረድክ?»

«ቢላዋዬን ላወጣ ብዬ ነው።»

«ያወረደ ይሸከማል። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ጨውን፣ አዋዜውን ተሸክመህ እስከ ወንዙ ትወርዳለህ። ስንመለስም አንተው ነህ። ሰባቱንም ቢላዋ በጆንያው ከተህ ከሥር ታነጥፈዋለህ።»

አያ ጅቦ ሰባቱን ቢላዋ አየ፣ የራሱንም ጀርባ ዞሮ አየ።

«ጌታዬ፣ ስድስቱ አፎት የላቸውም።»

«አውቃለሁ» አለ አያ አንበሶ።

ጭነውት መንገድ ቀጠሉ። አያ ጅቦ በየአምስት እርምጃው ቆሞ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ለማድመጥ የቆመ የለም። ወንዙ ጋ ሲደርስ ጎሹ ታርዶ፣ ዕጣው በሁለት ቢላዋ ወጥቶ፣ ሥጋው ተበልቶ አልቆ ነበር። የቀረለትን አጥንት ሲፍቅ ዋለ። ሰባት ቢላዋ ስላለው በዚህ በኩል አልተቸገረም።

እመት አህዪት ባዶ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ሣሯን ጋጠች። እመት ቀበሮ ጠግባ አጠገቧ ስትጋደም፣ እመት አህዪት ከልቧ አመሰገነቻት።

«የዛሬውን ውለታሽን አልረሳም፣ እህቴ። አንቺ ባትናገሪ ሞቼ ነበር። ግን እንዴት አወቅሽ?»

«ሲከታቸው አየሁታ። ጠዋት፣ ሲጭንሽ።»

እመት አህዪት ማኘኳን አቆመች።

«ጠዋት አይተሽ ነው? ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

እመት ቀበሮ ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰችላት።

«ያኔማ የምትሸከሚው አንቺ ነበርሽ።»

ከዚህ የምንማረው ለመንገድ የሚበቃውን ቢላዋ መቁጠር ያለበት የሚበላበት ሳይሆን የሚሸከመው መሆኑን ነው።